ባዶ መሆን የሚችል መስክ

ክላሱን ጻፍኩ በመጀመሪያ፤ ስሙን «ጀልባ» አልኩት፣
ስም፣ ርዝመት፣ ባለቤት፣ ሦስት መስክ ሰጠሁት።
ሦስቱንም «የግል» ብዬ በቁልፍ ከረቸምኩ፣
በየደጃፋቸው አንዳንድ ዘበኛ አቆምኩ፤
ከውጭ የመጣ ቃል ሰተት ብሎ እንዳይገባ፣
ፊደል ከቁጥር ጋር ሳይጋበዝ እንዳይጋባ።

ዘበኛው ጨዋ ነው፤ አይሳደብ፣ አይቆጣ፣
«ምን ይዘሃል?» ይላል በደጁ ለመጣ፤
ልኩ ከሆነ ይግባ፣ ካልሆነም ይውጣ።

የክላክስቪክ ዝናብ ግን ደጅ አይጠናም።
ፋሮ ደሴት ላይ ነን፤ ለዝናብ ዘበኛ የሚያቆም የለም።
በመዝጊያው ስንጥቅ፣ በጀልባ ቤቱ ጣሪያ፣
በኮምፒውተሬ ገመድ ሥር
እንዳሻው ይገባል።

ማክሰኞ ከሰዓት ሽማግሌው ትሮንዱር መጣ፣
ከሹራቡ እጅጌ የባሕሩ ጨው ሳይወጣ።
«ማኅበሩ ጀልባህን አስመዝግብ አለኝ» አለ፣
ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተንጠለጠለ።
በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ ፊደሉን ይፈልጋል፣
ሲያገኘው እንደ ዓሣ በጣቱ ይወጋል።

ስም፦ «ቴርናን»።
የወፍ ስም ነው፤ ክንፏ ሹል፣ ማዕበል የማትፈራ።
ዘበኛው አሳለፋት።

ርዝመት፦ «ስምንት ሰው»።

ቀይ መስመር ብቅ አለ። «እባክዎ ቁጥር ብቻ ያስገቡ።»
«ስንት ሜትር ናት?» አልኩት።
«ስምንት ሰው ናት» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ።
«አባቴ ሲሠራት ስምንት ሰው ብሎ ነው የሠራት።
ሜትር መቼ ይቀዝፋል?»

እውነቱን ልናገር፤ አቋራጭ አማረኝ።
«ስምንት»ን አስቀሪና «ሰው»ን ጣዪው አለኝ
ያ የሙያዬ ሰይጣን።
አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ቃሉን መከርከም፣
ቁጥሩን መልቀም፣
የተረፈውን መጣል።
ስምንት ሜትር ትሆናለች፤ ዘበኛዬም ይረካል፣
መዝገቡ ይሞላል፣
ባሕሩ ብቻ ይስቃል።

ክላሱን እንደገና ከፈትኩት።
ርዝመትን ሰረዝኩ፤ በቦታው «ቀዛፊዎች» የሚል ዝርዝር ተከልኩ፤
ለእያንዳንዱ ስም፣ መቀመጫ፣ ስልክ።
«በል ጻፍ» አልኩት።

ባርዱር፣ አንደኛ መቀመጫ።
ዮአኒስ፣ ሁለተኛ።
መንትዮቹ ሶርሊና ሬጊን፣ ሦስተኛና አራተኛ፣
«እነሱን ብትለያያቸው አይቀዝፉም።»
ራሱን አምስተኛው ላይ አስቀመጠ።
ስድስተኛው ላይ «ሄዲን» ብሎ ጻፈ፣ ስልኩን አለፈ።

«ይህ መስክ ባዶ መሆን አይችልም።»
ዜሮ ሞከረ። አይችልም።
«ባሕር» ብሎ ጻፈ። አይችልም።

ትሮንዱር አልተቆጣም። እጁን ከቁልፎቹ አነሣና
እንደ ረጠበ ጓንት ጭኑ ላይ አኖረው።
«መቀመጫው የሱ ነው» አለ። «በሰባት ነው የምንቀዝፈው።
አሥራ አንድ ዓመታችን።»

«ያልታወቀ» የሚል ነባሪ እሴት ልሞላለት ነበር፤
ግን የታወቀ ነው። የት እንዳለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤
ከካልሶይ ጫፍ ወዲያ፣ መረቡ በተበጠሰበት።

ዘበኛውን ጠራሁት፣ በጆሮው አንድ ነገር ነገርኩት፦
«ባዶውን ይዞ የመጣ ካለ፣ አትመልሰው።»
ስድስተኛው መቀመጫ ስም ይዞ፣ ስልክ ሳይዝ ገባ።
ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ተከተሉ።
ቁሱ ተፈጠረ፤
ቴርናን በማኅደረ ትውስታ ላይ ተንሳፈፈች፣
በአንድ ጎኗ ትንሽ ቀለል ብሏት።

የቀረው «ባለቤት» ነበር።
ትሮንዱር ብዙ አየው፣
ከዚያ በዚያችው ጣት አንድ ቃል ወጋ፦
«እነሱ»።

ዘበኛው መረመረ፤ ፊደል ነው፣ ባዶ አይደለም፣ ከሃምሳ አይበልጥም።
አሳለፈው።
እነማን ብሎ አልጠየቀም።
እኔም አልጠየቅኩም።
ዝናቡ እየገባ ነበር።